ያልተንኳኳ ግድግዳ

ለእሱ ብቻ የጻፍኩትን ደብዳቤ መቶ ሃያ ሰው ፊት በድምፅ ማጉያ አነበበው። ከመቶ ሃያዎቹ አንዷ እናቴ ነበረች።

ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፤ የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። የቀረው፣ ደብዳቤው እንዴት እጁ እንደገባና እኔ ለምን እንደጻፍኩት ነው።

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሰው ኮት እጅጌ እየገጠመች ሳለ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኗን ወሰደው፤ ምላሷን አሰረው። የተረፋት ግራ እጇና ከሥራዋ የማይለየው የእንጨት ሜትር ነው። አልጋዋን ግድግዳው ጥግ አስጠጋሁላት፤ እሷም በሜትሩ ግድግዳውን እያንኳኳች ታናግረኝ ጀመር። አንድ ምት ውኃ ነው። ሁለት፣ ሽንት። ሦስት፣ ጎኔን አዙሪኝ። አራት ምንም አይደለም። አራት ስትመታ «አለሽ?» ማለቷ ነው፤ እኔም የትም ብሆን «አለሁ» እላለሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚመታው ሁልጊዜ አራት ነው።

ግድግዳው የጋራ ነው። በወዲያኛው በኩል ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የገዛ ስማቸውን እንኳ ከረሱ ባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። «ሁለት ነው የመታችው፣ ፍጠኚ» ብለው የሚጮሁበት ጊዜ አለ። ሰፈሩ ሁሉ እንጨቱን ያውቀዋል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ «አራት» ብለው ይጠሩኛል።

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ሦስት ወር ጠበቀኝ፤ በአራተኛው ሌላ ሰው ቀጠረ። አልፈረድኩበትም። የአምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ዛሬ የሚጠቅመኝ የመድኃኒት ወረቀት ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ ነው።

እሱ የመጣው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጡረተኞች ማኅበሩና አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተጣምረው፣ ያለ ደመወዝ ቤተሰባቸውን የሚያስታምሙ ሰዎችን ሊያግዙ አስበው ነበር፤ እሱ የጥምረቱ አስተባባሪ ነው። ከአሥር ዓመት ልጃገረድ እስከ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ በሰፈራችን አርባ አንድ አስታማሚ ቆጥሯል። እኔ አሥራ ሰባተኛዋ ነበርኩ። ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። የሚቀመጥበት ጠፍቶት የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠና ቅጹን ዘረጋ።

«በቀን ስንት ሰዓት ታስታምሚያለሽ?» አለኝ።

«ሃያ አራት።»

«ቅጹ የሚለው እስከ ስምንት ነው።»

«እንግዲያው ቅጹ ይምጣና ስምንቱን ይያዝልኝ፤ አሥራ ስድስቱን እኔ እችለዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሲስቁበት የማይናደድ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ እናቴን አስፈቅዶ የእንጨት ሜትሯን ተዋሰና፣ ሳጥኑን ሰርዞ፣ ከጎኑ ቀጥ ያለ አዲስ ሳጥን አሰመረ፤ ውስጡም ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። እናቴ ያንን ሜትር ለማንም አውሳ አታውቅም። ለእኔም ጭምር። የዚያን ዕለት ባለቅጹ ብዬ ሰየምኩት።

ቅጹ በየወሩ ይሞላል። ጀርባው ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ገጽ አለው። የምንኖርበት አንድ ክፍል ነው፤ በስልክ የማወራውን ሁሉ እናቴ ትሰማለች። ስለዚህ ጻፍኩ። መጀመሪያ ስለ ዊልቸሩ ጎማ። ቀጥሎ ስለ ጀርባዬ ሕመም። በሦስተኛው ወር ስለ ራሱ እጆች። እሱ ደግሞ የቀጠሮ ወረቀት ጀርባ ላይ ይመልስልኛል፦ «የፊቱን ገጽ መዝገብ ላይ ገለበጥኩት። የጀርባውን ማታ ማታ አነበዋለሁ።» አርባ አንድ ሰው ከሚሞላው ቅጽ ውስጥ የእኔ ጀርባ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ሞኝነት ነው። ግን ሌላ ወረቀት ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ፣ ተሰልፎ ለመላክ ሰው ከቤት መውጣት አለበት።

በመጨረሻው ቅጽ ጀርባ የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«አራት ስትመታ ምንም አትፈልግም፤ መኖሬን ማረጋገጥ ነው የምትፈልገው። አንዳንድ ቀን ከእሷ በፊት እነቃና እንጨቱን እጠብቃለሁ። ዛሬ ባይመታስ እላለሁ። አንድ ጠዋት ዝም ቢል፣ ዝም እንዳለ ቢቀር። ከዚያ ይመታል፤ አለሁ እላታለሁ፤ ፊቷን አጥባታለሁ። ይሄን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? አንተን የማገባ ቀን እናቴን ይዤ ነው የምመጣው ብዬሃለሁ፤ አንተም እሺ ብለሃል። እሺህን አትርሳ።»

* * *

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ዊልቸሩን እየገፋሁ ሦስት መንገድ ተሻግሬ ነው የደረስኩት። አስታማሚና ታማሚ አብረው እንዲመጡ የተጠሩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እናቴ ጠዋት ከሣጥን ያስወጣችኝን ሰማያዊ ልብሷን ለብሳለች፤ ሜትሯ ጭኗ ላይ ነው። የተቀመጥነው ከኋላ፣ ለዊልቸር ሲባል ወንበር ከተነሣበት ቦታ ላይ።

የአምስቱ ድርጅቶች ኃላፊዎች ከፊት ናቸው። ስምምነቱ ላይ ከፈረሙ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቤት አራት ሰዓት የሚቀመጥ የሠለጠነ ሰው ይመጣል፤ «የእፎይታ ሰዓት» ይሉታል። አራት ሰዓት ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ያለ ዊልቸር ከሱቁ አልፌ አላውቅም።

አንደኛው ጉዳዩ ጥናት ያስፈልገዋል አለ። ሁለተኛው ጥናቱን ደገፈ። ሦስተኛው ሰዓቱን አየ። የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ሊቀመንበር የዕንቁ ሐብሏን በጣቷ እያሽከረከረች ለሚቀጥለው ዓመት ብናቆየው ስትል ባለቅጹ ፊቱ ተለወጠ። ሊቀመንበሯ የወለደችው እናቱ ናት። ቤታቸው ለአትክልቱ ሰው ተቀጥሮለታል፤ ለአያቱም ሁለት ነርሶች ይፈራረቁ ነበር። ስለ እኔ ሲነግራት «ማስታመም ጽድቅ ነው፤ ማግባት ግን ሌላ ነው» ብላዋለች። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ማይክሮፎኑን ያዘ። የቅጾቹን መዝገብ ገለጠ፤ ከዚያ አንዱን ወረቀት ገለበጠው። ወረቀት ሲገለበጥ ከአዳራሹ ዳር ሆኜ አውቄዋለሁ።

«ጥናቱ ይኸውላችሁ» አለ። «አንዲት አስታማሚ የጻፈችው ነው። ስም አልጠራም።»

ስም አልጠራም። እንጨቱን ግን ጠራው። «አራት ስትመታ» ብሎ ሲጀምር ከፊታችን ያሉት ረድፎች፣ አንድ በአንድ፣ ነፋስ እንዳገኘው ሰብል ወደኛ ዞሩ። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ እናቴ ጭን ላይ ያለውን ሜትር። «ዝም እንዳለ ቢቀር» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሴቶች አለቀሱ። እሱ «አለሁ እላታለሁ፤ ፊቷን አጥባታለሁ» አለና እዚያ ላይ አቁሞ ወረቀቱን አጠፈ።

ጭብጨባ ነበር። እናቴ አላጨበጨበችም፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም። ፊቷን ከጎን አየሁት፤ የሰው ልብስ ስትለካ የምታደርገው ፊት ነበር፤ ቁጥሩን በልቧ የምትይዝበት።

ኃላፊዎቹ ሲፈርሙ እኔ ዊልቸሩን እየገፋሁ በጎን በር እየወጣሁ ነበር። በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልወጣኝም። አፍ የሌላት እሷ ነበረች፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

* * *

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንጨቱ አልመታም።

ተነስቼ አየኋት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ጣሪያውን ታያለች፤ ሜትሩ ሆዷ ላይ ነው። «እማዬ፣ ምን ልስጥሽ?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ቀን ላይ አንሶላዋ ረጥቦ አገኘሁት። ሁለት ምት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሰኞም ረጠበ። ማክሰኞ ጎኗ ላይ ቀይ ነገር ወጣ፤ ሳትዞር ብዙ ከተኛች ቁስል እንደሚሆን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሦስት ምት። አልመታችም። በየሰዓቱ በራሴ እያዞርኳት፣ በየሰዓቱ በልቤ እየተጨቃጨቅኳት ዋልኩ። ቅጣት ነው አልኩ። ደግሞም ይገባኛል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ማን ነው ይገባሻል ያለኝ ብዬ ተናደድኩ።

የእናቴ ታናሽ እህት ረቡዕ ዕለት ዘው ብላ ገባች። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምትመጣው፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮቷን አታወልቅም።

«አንቺ ልጅ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«ምን ሰማሽ?»

«የወለደቻትን ሞት ትመኛለች ብለው በማይክ አነበቡ ይላሉ። እኔ በአንቺ ዕድሜ እናቴን በእጄ ነው የቀበርኩት።»

«አክስቴ፣ አያቴን ያስታመመችው እማዬ ናት። አንቺ የመጣሽው ለቀብሩ ነው።»

«አፍሽ ልክ የለውም።»

«እስከ ማታ ተቀመጪና ልኩን አሳዪኝ። አንሶላው እዚያ ነው።»

ሰዓቷን አየች። ሰዓት የማያይ ሰው ናፈቀኝ። አክስቴ የእህቷን ግንባር ስማ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ወጣች። ከኋላዋ የተቀመጥኩት የጨርቁ ክምር ላይ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ቀን የተቀመጠበት። ብድግ አልኩ። እዚያም መቀመጥ አስጠላኝ።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ጺማቸውን ተላጭተዋል፤ ባርኔጣ አድርገዋል።

«ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ቤቴ አንዲት የሠለጠነች ልጅ ተቀምጣለች። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤት እንዳልደርስ ከለከለችኝ። አርባ ዓመት ሰው ሳመላልስ ኖሬ ዛሬ የት እንደምሳፈር ጠፋኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት።» ድምፄ ሆምጣጣ ነበር፤ ሰሙት።

«ልጄ፣ ግድግዳው አምስት ቀን ዝም አለብኝ። ሰዓት የቆመበት ቤት መሰለኝ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያ ልጅ ያነበበውን ሰምቼ አንገቴን ደፋሁ። በአንቺ አፍሬ አይደለም። የኔን ጉድ የነገርሽብኝ መስሎኝ ነው። ባለቤቴ ‹አንተ ማነህ› ስትለኝ አንዳንድ ቀን ‹ማንም› ብዬ በሩን ከፍቼ ብሄድ እላለሁ። ያለኔ የሚያስበው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

«እኔ እንዲነበብ አልጻፍኩትም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ላንቺ ያመለጠሽ አፍሽ አይደለም፤ ያመለጠው የሱ ነው።» ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ውጭ ቆሟል፣ በነገራችን ላይ። ግማሽ ሰዓት ይሆነዋል። እንደ ተበላሸ አውቶቡስ መንገድ ዘግቷል።»

ሄዱ። አረማመዳቸው የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ አረማመድ ጋር እንዴት እንደምጣላ አላወቅኩም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

* * *

ባለቅጹ ገባ። ጫማው አቧራ ለብሷል። እጁ ላይ አንዲት ቢጫ ካርድ አለች፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ለእናቴ እጅ ነሣ፤ ከዚያ ካርዷን ዘረጋልኝ።

«ቁጥር አሥራ ሰባት» አለ። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት።»

«ምንድን ነው፣ የደም ካሳ ነው?»

«ፈርመዋል። አምስቱም።»

«ሰማሁ። እናቴም ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ አፏን ለሁለተኛ ጊዜ ዘግታለች። አምስት ቀን አልመታችም። ረጥባ ነው የማገኛት። ይሄንንስ የምትጽፍበት ሳጥን አለህ?»

አልጋውን አየ። ፊቱ ነጣ።

«አላወቅኩም» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ? ቅጹ አይጠይቅም።»

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«እንጨቱን ጠራህ። በዚህ ሰፈር ስሜን የማያውቅ ሞልቷል፤ እንጨቱን የማያውቅ የለም።»

«ሊያዘገዩት ነበር እኮ። አንድ ዓመት። አንድ ዓመት ማለት ለነዚያ ሰዎች ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እጄ ላይ የነበረው እውነት ያ ብቻ ነው።» ቀጥሎም ባይለው ይሻለው የነበረውን አለ። «ቅጹ ግርጌ ላይ ደግሞ ፈርመሻል። ስም ሳይጠቀስ ለሥራው ሊውል ይችላል ይላል።»

«ዘጠኝ ጊዜ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ለፊቱ ገጽ ነው። የጀርባውን የጻፍኩት ላንተ ነው። የፊትና የጀርባው ልዩነት ካልገባህ ማታ ማታ ስታነበው የነበረው ምኑን ነው?»

«ልክ ነሽ።»

«አትስማማልኝ። ልክ ነሽ ብለህ እንዳታሳጥርብኝ።»

«እሺ።»

«ደግሞ እሺ ይላል። እሺህን የት ጣልካት?» ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሣሁና ወደ እሱ ጠቆምኩበት። «እኔ የጻፍኩትን በቃሌ አውቀዋለሁ። ፊቷን አጥባታለሁ ከሚለው ቀጥሎ ሦስት መስመር አለ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር ይላል። እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተም እሺ ብለሃል ይላል። ወረቀቱን ያጠፍከው እዚያ ላይ ነው። የኔን ነውር አነበብከው፤ ያንተን ቃል ዘለልከው። ለምን?»

መለሰልኝ። ይሄን አልክድበትም፤ አልዋሸም።

«እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች» አለ።

«የኔስ እናት የት የነበረች መሰለህ?»

በግድግዳው ማዶ የሹፌሩ ባለቤት የሆነ የድሮ ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ቃሉን ረስታ ዜማውን ብቻ። ባለቅጹ ካርዷን በእጁ ጨብጦ ነበር፤ ጠርዟ ታጥፏል። ዓይኑ ሞላ። ሌላ ቀን ቢሆን እጄ በራሱ ይዘረጋ ነበር። ያን ዕለት እጄን ታቅፌ ያዝኩት፤ እወደው ነበርና ነው የበለጠ የጠላሁት።

ያን ጊዜ እንጨቱ መታ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

በአምስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው። «አለሁ» አልኩ፤ ሳላስበው ከጉሮሮዬ ወጣ። አጠገቧ ተንበረከክኩ። በሜትሩ ጫፍ ወደ መኪናዋ መሳቢያ አመለከተች። ከመሳቢያው ውስጥ ጥቁር የኮት ገበርና የመስፊያ ጠመኔዋን አወጣሁ። መጻፍ አትወድም። በግራ እጇ አንድ ቃል ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ዕድሜ ልኳን ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረች ሴት ጠማማ ፊደል ማየት አትችልም። ያን ቀን ጻፈች። ባለቅጹ ሳይጠየቅ መጥቶ ጨርቁን ከሁለት ጠርዝ ወጥሮ ያዘላት። ጠመኔው ሁለቴ ወደቀ፤ ሁለቴም እሱ አነሣው።

ከጨረሰች በኋላ ፊደሎቹ ለማንበብ ጊዜ ወሰዱ።

«እንድትተኚ ብዬ ነው።»

ሦስት ቃል። ደጋግሜ አነበብኩት። ቅጣት አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ልኬቴን ወስዳ፣ ቤት ገብታ፣ የጠየቅኩትን ሰፍታልኛለች። ዝምታ ፈልጋለች ብላ ዝምታ ሰጠችኝ። ረጥባ። ቆስላ። ከአንሶላው በታች የወጣው ያ ቀይ ነገር የእኔ እንቅልፍ ዋጋ ነው።

ልቅሶ የምትጠብቁ ከሆነ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። «ማን ጠየቀሽ?» አልኳት። «አምስት ቀን አንዲት ሰዓት አልተኛሁም እኮ፣ እማዬ። የእንጨቱን ድምፅ ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ባይመታስ ያልኩትን እንጂ ሲመታ ምን እንደሚሰማኝ አልጻፍኩም። እሱን የምጽፍበት ቦታ አለቀብኝ።»

አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ወደ እሱ ወሰደች፤ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል ግድግዳውን መታች። ሦስት።

ወደ ትከሻዋ ጎንበስ አልኩ። ሜትሩን በእኔና በአልጋው መሐል አስገባች። አንቺ አይደለሽም ማለቷ ነው።

«እኔን ነው?» አለ ባለቅጹ።

«አንተን ነው። ሦስት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አንብበሃል።»

«አዙሬ አላውቅም። ማንንም።»

አርባ አንድ ቤት የገባ፣ አምስት ድርጅት ያጣመረ ሰው፣ አንድ ሰውነት አዙሮ አያውቅም። ያኔ ንዴቴ ቦታውን አገኘ፤ ከዚያ በፊት ቤቱን ሁሉ ሲዞር ነበር።

«ጃኬትህን አውልቅ» አልኩት። «እጅህን ታጠብ። አንድ እጅ ትከሻዋ ሥር፣ አንዱ ዳሌዋ ሥር። አትጎትታት፤ ቆዳዋ ይላጣል። ወዳንተ አንከባልላት። ጉልበቷ መሐል ትራስ ይገባል። አይ፣ ትንሿን።»

ጎንበስ አለ። ደንግጦ ትንፋሹን ይዟል። እናቴ በደህና እጇ የሸሚዙን እጅጌ ጨበጠች፤ እየተደገፈችው መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ጣቷ ስፌቱን እየዳሰሰ ነው። እጅጌው ልክ እንዳልሆነ ሳታውቅበት አልቀረችም። ቀስ ብሎ አዞራት። ትራሷን አስገባ። ግንባሩ ላቦት አወጣ።

«አመመዎት፣ እማማ?» አላት።

እንጨቱ አልመታም። ያ ዝምታ ‹አላመመኝም› ማለት እንደሆነ እሱ አላወቀም፤ እኔ አወቅኩት።

ከዚያ ሜትሩን አንሥታ ወደ በሩ ቀሰረችው። ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ። በማያሻማ መስመር፤ ጠማማ አልነበረም።

«ካርዱ ከሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚለው፣ እማዬ።»

በሩን እንደቀሰረች ቀረች። የድሮ ደንበኞቿ ኮቱ መቼ ይደርሳል ብለው ሲነዘንዟት እንዲህ ነበር የምታስወጣቸው።

ጫማዬን ፈለግኩ። የመውጫ ጫማዬ አልጋው ሥር፣ አቧራ ውስጥ ነበር። ሳስር እጄ ማሠሪያውን ረሳው።

«አራት ሰዓት ነው» አልኩት ለባለቅጹ። «ውኃ በማንኪያ ነው፤ ቀና አድርገህ፤ ሳትቸኩል። ሁለት ከመታች አንተ ግድግዳውን አንኳኳ፤ ማዶ ያለችው ልጅ ትመጣለች፤ አንተ ፊትህን ታዞራለህ። ሦስቱን አሁን ችለሃል።»

«አራት ከመታችስ?»

ኮቴን ለበስኩ። እናቴ ከመታመሟ በፊት የሰፋችው የመጨረሻው ኮት ነው፤ ገበሩ ጥቁር ነው።

«ይቅር አላልኩህም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ካርዷን ስላመጣህ አይደለም የምወጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስቱን መስመር ደግሞ ታነባቸዋለህ። በዚያው ማይክ። እናትህ በዚያው ወንበር ላይ ሆና።»

ቀና አለ። መጀመሪያ ቀን ሳጥኑን ሲሰርዝ እንዳየኝ ነበር ያየኝ፤ የአሁኑ ግን ይፈራል። እሺ ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልሶ ዋጠው። ያቺን ቃል በቀላሉ ያልተፋበት የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ውጭ የከሰዓት ፀሐይ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ልጆች ኳሳቸውን አቁመው አዩኝ። ከኋላዬ እንጨቱ መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። እግሬ በልማዱ ዞረ፤ አፌ ተከፈተ።

«አለሁ፣ እማማ» አለ ባለቅጹ።

አፌን ዘጋሁ። ወጣሁና በሩንም ዘጋሁት።